«ጨነቀኝ» ላለ ሰው የሚሰጥ መልስ፤ ስለ ጭንቀት ቃል ትርጓሜና አገባብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን አዘውትረን ከምንጠራቸው ቃላት አንዱ «ጭንቀት» ነው። ገበሬው ዝናም ሲዘገይበት፣ እናት ልጅዋ ከመንገድ ሲቆይባት፣ ተማሪው ፈተና ሲደርስበት፣ ነጋዴው ዕዳ ሲከብደው፣ ሁሉም «ጨነቀኝ» ይላል። ቃሉ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ፍቺው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን የታወቀ የሚመስል ቃል የተሳሳተ መልስ ሊሰጥበት ይችላል። ስለዚህ በቃሉ ትርጓሜና አገባብ ላይ፣ ይልቁንም «ጨነቀኝ» ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚመጣ ሰው ሊሰጥ ስለሚገባው መልስ፣ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ በራሴ የደረሰ ስሕተት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬ በተቸገረበት ወራት፣ በዚያች ከተማ አካባቢ አንድ ጐልማሳ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ቆሞ ጠበቀኝ። መስቀል ከተሳለመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባ፣ ጨነቀኝ» አለኝ። እኔም ቸኵዬ ነበርና «ልጄ፣ ጌታ በወንጌል አትጨነቁ ብሎ የለምን? እምነትህን አጽና» ብዬው አለፍሁ። እርሱም «እሺ አባቴ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሰንበታት ግን በቤተ ክርስቲያን አላየሁትም። ጥቂት ወራት ቆይቼ ቤቱ ሄጄ ምክንያቱን ብጠይቀው «አባ፣ ጌታ አትጨነቁ ካለ፣ እኔ ግን መጨነቄን መተው ካቃተኝ፣ በምን ፊቴ ልምጣ ብዬ ነው» ሲል መለሰልኝ። ለካ ሸክሙን ያቀለልሁለት መስሎኝ በሸክሙ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሬበት ኖሯል! ቀድሞ ጭንቅ ብቻ ነበረበት፤ ከእኔ ዘንድ ሲመለስ ግን በጭንቁ ላይ «እምነት የለኝም» የሚል ኀፍረት ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጨነቀኝ» እና «አትጨነቁ» የተባሉትን ሁለቱን ቃላት እያስተያየሁ መመርመር ጀመርሁ።

1ኛ. ስለ ቃሉ አገባብ

«ጨነቀ» የሚለው ግስ በአማርኛችን ከሌሎች ግሶች የተለየ ጠባይ አለው። «በላሁ»፣ «ሄድሁ»፣ «ጻፍሁ» ባልን ጊዜ የሥራው ባለቤት እኛ ነን። «ጨነቀኝ» ባልን ጊዜ ግን እኛ ተሳቢ እንሆናለን እንጂ ባለቤት አንሆንም። የሚጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ የሚጨነቀው እኛ ነን። በዚህም «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» ከሚሉት ጋር አንድ ወገን ነው። እነዚህ ሁሉ ሰው ያደረገውን ሳይሆን በሰው ላይ የደረሰውን ይናገራሉ። «ራበኝ» ላለ ሰው እንጀራ እንሰጠዋለን፤ «በረደኝ» ላለ ሰው ጋቢ እንደርብለታለን። «ጨነቀኝ» ላለ ሰው ግን ተግሣጽ እንሰጠዋለን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 የዕለት ምግብና ልብስ ያጣውን ወንድም፣ የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ፣ በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት ምን ይጠቅማል ሲል የሚጠይቀው ጥያቄ እዚህም ላይ ይደርሰናል።

ከዚህ የሚወጣው ሁለተኛው ግስ «ተጨነቀ» ነው። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ራሱ የግሱ ባለቤት ይሆናል፤ የነገሩ ተካፋይ፣ አንዳንድ ጊዜም ጠሪው ይሆናል። የትእዛዙ ቃል «አትጨነቅ» የሚወጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ አንደኛው በሰው ላይ የሚመጣውን፣ ሁለተኛው ሰው በሐሳቡ የሚያመላልሰውን የመናገር ዝንባሌ አላቸው። ዝንባሌ ማለታችን በከንቱ አይደለም፤ ወደ ፊት እንደምናየው «ተጨነቀ» ለሁለቱም የሚነገርበት ቦታ አለና፣ ፍቺው ከቃሉ መልክ ብቻ ሳይሆን ከአገባቡ ይታወቃል።

በስሙም በኩል «ጭንቅ» እና «ጭንቀት» ይለያያሉ። ከ«ጥልቅ» «ጥልቀት» እንደሚወጣ ከ«ጭንቅ»ም «ጭንቀት» ይወጣል። ጭንቅ ነገሩ ወይም ሰዓቱ ነው፤ «የጭንቅ ቀን» ይባላል። ጭንቀት ግን በሰው ውስጥ ገብቶ የሚያድር ሁኔታ ነው። ጭንቁ ካለፈ በኋላም ጭንቀቱ ሊቀር ይችላል። ከጎረቤቶቹ ቃላትም ይለያል፤ ስጋት ሊመጣ ያለውን ክፉ ነገር ለይቶ ያውቃል፤ ትካዜ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ይመለከታል፤ ጭንቀት ግን ምን እንደ ጨነቀው ሰውዬው ራሱ ለይቶ መናገር ሲያቅተውም ይኖራል።

ከሁሉም ይልቅ ምሥጢሩን የሚገልጠው «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» የሚለው የሕዝብ አነጋገር ነው። ሕዝባችን ጭንቀትን ከጥበት ጋር ያጣምረዋል፤ ዓለም ሰፊ ሳለች ለተጨነቀ ሰው ትጠብበዋለች። ይህንንም የተመለከተው የእኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ «ጻራ» የሚባለው የመከራ ስም ከጥበት የወጣ ነው። በግሪክ «ስቴኖኮርያ» ማለት ጠባብ ስፍራ ማለት ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎችም ለጭንቀት የሚናገሩባቸው ብዙ ቃላት ማነቅንና ማጥበብን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ጋር ይዛመዳሉ። በመዝሙር 4 መጀመሪያ ላይ ነቢዩ ዳዊት ያመሰገነውም በዚህ ምሳሌ ነው፤ በጠበበበት ጊዜ እግዚአብሔር ስፍራ እንዳሰፋለት ይናገራል። እንግዲህ የተጨነቀ ሰው የሚፈልገው በሌላ ቃል እንድናጠብበው አይደለም፤ ስፍራ እንድናሰፋለት ነው።

2ኛ. ቃሉ በቅዱሳት መጻሕፍት

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ በልዩ ልዩ ቦታ ይገኛል። የግሪኩን ንባብ ስናስተያይ ግን አንዱ የአማርኛ ቃል የተለያዩ የግሪክ ቃላትን ሸክም ተሸክሞ እናገኘዋለን። አንባቢ ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሦስት ወገን አድርገን እንመልከተው።

አንደኛው፣ የተከለከለው መጨነቅ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቍጥር 25 እስከ 34 ጌታችን ስለ መብልና ስለ መጠጥ፣ ስለ ልብስና ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያዝዛል። እዚህ ላይ ያለው የግሪክ ግስ «ሜሪምናኦ» ነው። ብዙዎች ከመከፈል ጋር አያይዘው ልብ ለሁለት የተከፈለበትን ሐሳብ ያመለክታል ይላሉ። ይህንንም የሚደግፍ ነገር በዚያው ምዕራፍ አለ፤ ከትእዛዙ በፊት በቍጥር 24 ላይ የሚናገረው ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ነውና። እንግዲህ የተከለከለው፣ እግዚአብሔርን ትቶ ገንዘብን ተስፋ ያደረገ ልብ የሚያመላልሰው ሐሳብ ነው። በማቴዎስ 13 ቍጥር 22 በእሾህ መካከል የወደቀውን ዘር የሚያንቀው የዓለም ሐሳብም በግሪኩ ስሙ ከዚሁ ግስ ጋር አንድ ነው። በዚህ ጊዜ እንኳ የጌታችን አነጋገር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ልብ ይበሉ፤ የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች እንድንመለከት ይጋብዘናል እንጂ አውግዞ አያባርረንም።

ሁለተኛው፣ በሰው ላይ የሚወድቀው ጭንቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 8 ቍጥር 35 ከክርስቶስ ፍቅር ሊለዩን የማይችሉትን ነገሮች ሲቈጥር፣ ከመከራና ከስደት፣ ከራብና ከራቁትነት፣ ከፍርሃትና ከሰይፍ ጋር ጭንቀትን ጨምሮ ቈጥሮታል። እዚህ ያለው ቃል ከላይ የጠቀስነው «ስቴኖኮርያ»፣ ጠባብ ስፍራ የተባለው ነው። ሐዋርያው ጭንቀትን የቈጠረው ከኃጢአት ጋር አይደለም፤ ከራብና ከሰይፍ ጋር ነው። የተራበ ሰው ስለ ራበው ከክርስቶስ አይለይም፤ የጨነቀውም ሰው ስለ ጨነቀው ከክርስቶስ አይለይም። ይህን አንድ ጥቅስ በጊዜው አስታውሼው ቢሆን ኖሮ ያንን ጐልማሳ አንገቱን አስደፍቼ ባልሰደድሁት ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በሉቃስ 12 ቍጥር 50 ጌታችን ስለሚቀበለው ሞት ሲናገር፣ እስኪፈጸም ድረስ እንደሚጨነቅ ስለ ራሱ ይናገራል። በግሪኩ ከ«ሜሪምናኦ» የተለየ፣ ከየአቅጣጫው መያዝንና መጠበብን የሚያመለክት ቃል ነው፤ በአማርኛው ግን ያው «ተጨነቀ» ሆኖ ገብቷል። በጌቴሴማኒም ሐዘንና ትካዜ እንደ ያዘው ወንጌላውያን ጽፈዋል። ኃጢአት የሌለበት እርሱ ይህን ሁሉ በሥጋው ከተቀበለ፣ ጭንቅ በራሱ የኃጢአት ምልክት አለመሆኑ የታወቀ ነው። በዚያች ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ የፈለገውም አብረውት እንዲተጉ ነበር፤ እነርሱ ግን ተኙ።

ሦስተኛው፣ የተመሰገነው መጨነቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4 ቍጥር 6 በምንም እንዳይጨነቁ ምእመናንን ያዝዛል። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 2 ቍጥር 20 ግን ጢሞቴዎስን ስለ እነርሱ ከልቡ የሚያስብ መሆኑን ጠቅሶ ያመሰግነዋል፤ በግሪኩ ግሱ ያው «ሜሪምናኦ» ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ቍጥር 25ም የአካል ክፍሎች አንዱ ለሌላው እንዲያስቡ የታዘዙት በዚሁ ግስ ነው። ታዲያ ሐዋርያው ራሱን ይቃረናልን? አይደለም። ስለ ራስ ሆድ ሲሆን የሚከለከለው ነገር፣ ስለ ወንድም ሕይወት ሲሆን ፍቅር ይባላል። በአማርኛችንም «ለሰው ይጨነቃል» ማለት ምስጋና ነው።

እንግዲህ የቃሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በሁለተኛው ጭንቅ የተያዘ ሰው ሲመጣ፣ በሦስተኛው መጨነቅ ልንቀበለው ሲገባን፣ በአንደኛው እንከስሰዋለን።

3ኛ. ስለ ምጥና ስለ ጭንቅ አማላጅ

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ጭንቅ የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው በምጥ ነው። እመቤታችንንም ሕዝቡ «ጭንቅ አማላጅ» ብሎ የሚጠራት ስለዚህ ነው። አንዲት ሴት ምጥ በያዛት ጊዜ ጎረቤቶችዋ ተሰብስበው ወገብዋን ይይዛሉ፤ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ። በተገላገለች ጊዜም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። በዚያ ሁሉ መካከል «እምነት ቢኖርሽ ባልጨነቀሽ ነበር» የሚላት የለም። እንዲህ የሚል ቢገኝ ሴቶቹ ራሳቸው ከቤት ያስወጡታል። በምጥ ላይ ላለች ሴት የምናውቀውን ይህን ጥበብ ልቡ ምጥ ለያዘው ሰው ለምን እንነፍገዋለን?

ከመጽሐፍም የሐና ታሪክ አለ። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈ፣ ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈርዋን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርስዋም ሰክራ ሳይሆን ልብዋ አዝኖ ነፍስዋን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች መሆኑን ነገረችው። ዔሊ በዚህ ታሪክ የሚመሰገነው ሳይሳሳት ስለ ቀረ አይደለም፤ ተሳስቶ ነበርና። የሚመሰገነው ከሰማት በኋላ ቃሉን መልሶ በሰላም ስለ ባረካት ነው። ሐናም ሄዳ እህል ቀመሰች፤ ፊትዋም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ልጅዋ ገና አልተፀነሰም ነበር፤ ጭንቅዋ የቀለለው በመሰማትዋና በመባረክዋ ነው።

4ኛ. ጭንቀት ደዌ በሚሆንበት ጊዜ

በጎጃም ደጋ «ዛሬ አማኑኤል ዋልሁ» ያለ ሰው ከማቻከል ከተማ መምጣቱን መናገሩ ነው። በአዲስ አበባ ግን «አማኑኤል ገባ» ሲባል ሰሚው ሌላ ነገር ያስባል፤ ይኸውም በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመውን፣ ለብዙ ዘመንም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት ሆኖ የኖረውን አማኑኤል ሆስፒታል ነው። እጅግ የከበረው ስም በብዙ ሰው አፍ የስድብ ቃል ሆነ። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሕመሙን ደብቆ ይኖራል።

ጭንቀት በሁሉ ሰው ላይ የሚመጣና የሚሄድ ቢሆንም፣ በአንዳንዱ ላይ ግን ለብዙ ወራት ሳይለቅ ይቈያል፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብን ያስመታል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ከሥራና ከሰው ይለያል። በዚህ ጊዜ ደዌ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ደዌ ተይዘው ነበር። ሕክምና የሚያገኙትም ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። የዚያ ጐልማሳ ነገር እንዲህ ያለ ነበር፤ የማዳበሪያው ችግር ካለፈ በኋላም ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም፤ ልቡም ያለ ምክንያት ይመታ ነበር።

በዚህ ላይ አንዳንዶች «ጸበል ከተጠመቀ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ መድኃኒት ከዋጠም እምነቱን ክዷል» ይላሉ። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍቷ የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ልናከብረው እንደሚገባ፣ የታመመም ሰው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም.ም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ዘኢትዮጵያ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ገልጠው አስተምረዋል። ስለ ሥጋ ደዌ የተነገረው ስለ አእምሮም ደዌ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

5ኛ. የካህንና የጎረቤት ድርሻ

እንግዲህ «ጨነቀኝ» ላለ ሰው ምን እንበለው? ከመናገር በፊት መስማት ይገባል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን በእርሱ ላይ ማግኘት በጀመሩ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ጨነቀው፣ ይተኛ እንደ ሆነ፣ እህል ይቀምስ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ይህ የሐኪም ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከጭንቅ ብዛት ሞትን በለመነ ጊዜ፣ የእግዚአብሔር መልአክ በመጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ደግሞም እንዲተኛ ተወው። በተራራው ላይ የተጠየቀው ከበላና ካረፈ በኋላ ነው። ዛሬም ሞትን የሚመኝ ሰው ቢገጥመን፣ ነቢይ እንኳ ይህን እንደ ለመነ አስበን፣ ሳንቈጣ፣ ብቻውን ሳንተወው፣ ፈጥነን ወደ ሐኪም ልናደርሰው ይገባል።

ከዚህም በኋላ ጸሎት፣ ጸበልና ምክር እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይገባሉ። «አትጨነቁ» የሚለው የጌታ ቃልም በዚህ ጊዜ ስፍራውን ያገኛል። አብሮት ለተቀመጠ ሰው ሲነገር ትእዛዙ መጽናኛ ይሆናል፤ ቆሞ ለሚያልፍ ሰው አንደበት ግን ድንጋይ ይሆናል። ያው ቃል ነው፤ የሚለየው ከቃሉ ጋር መቆየታችን ነው። በመጨረሻም ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ጐልማሳ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ታክሞ፣ ጸበሉንም ሳይተው፣ ዛሬ በሰንበት በቦታው ይቆማል። «አባ፣ መድኃኒቱም ረድቶኛል፤ ነገር ግን ቤቴ የመጡ ዕለት ነው የቀለለኝ» ብሎኛል። እኔም ከቤቱ የሄድሁት ዘግይቼ መሆኑን አልረሳውም።

የቅኔ ሰዎች አንድ ነገር ያስተውሉ። በአማርኛ «ጠበበ» ሁለት ነገር ነው፤ አንድም ጠባብ ሆነ ማለት ነው፤ አንድም ጥበብ አገኘ፣ ብልህ ሆነ ማለት ነው። በግእዝ ፊደላቸው ልዩ ልዩ ነበር፤ የፊተኛው በጸ፣ የኋለኛው በጠ ይጻፋል። በአማርኛ ግን በአንድ ድምፅ ተገናኙ። የጠበበው ሰው ጥበብ ወደሚያገኝበት የሚሻገረው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም፤ እጁን የሚይዘው ይሻል።

አማኑኤል ማለትም ይኸው ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 7 የተናገረለት፣ ማቴዎስም በምዕራፍ 1 የተረጐመው ይህ ስም፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር መሆኑን ይናገራል። ከሩቅ ሆኖ «አትጨነቁ» ያለን አይደለም፤ ወደ ጠባቡ ስፍራችን ገብቶ ከእኛ ጋር የተጨነቀ አምላክ ነው። በየወሩ በ28 በዓሉን የምናከብር፣ በስሙ በተጠራች ከተማም በስሙ በተጠራ የሕክምና ቤትም የምናልፍ ሁላችን፣ «ጨነቀኝ» የሚል ድምፅ በሰማን ጊዜ የስሙን ትርጓሜ በሥራ እንድንፈጽመው እርሱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።